ነጭ ሽንኩርት በባሕር ዳር ጓሮ፦ ቅጠል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር

ባሕር ዳር ላይ ነጭ ሽንኩርት ጓሯቸው ሞክረው የተዉ ሰዎች ቅሬታቸው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በቀለ፣ ቅጠሉ አማረ፣ ወራት ጠበቅነው፣ ስንነቅለው ግን ራስ የለውም። ወይ ቀጭን ግንድ ብቻ ነው፣ ወይ ደግሞ በፍሬ ያልተከፈለ አንድ ድቡልቡል ነገር። ከዚያ «የባሕር ዳር አየር ለነጭ ሽንኩርት አይሆንም» ይባልና ነገሩ ይዘጋል።

አየሩ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ያልገጠመው ወሩና ዘሩ ነው። ነጭ ሽንኩርት ማብቀል ቀላል ነው፤ ፍሬዋን አፈር ውስጥ የከተተ ሰው ሁሉ ያበቅላታል። ራስ እንድታበጅ ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው። ያንን ሥራ ለጀማሪ በሚገባ መንገድ ላስረዳ። ጓሮ ላለውም፣ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ሁለት ባልዲ ብቻ ማስቀመጥ ለሚችለውም።

ራስ የሚያበጀው መቼ ነው?

የነጭ ሽንኩርት ዕድሜ ለሁለት ይከፈላል። መጀመሪያ ቅጠል ያወጣል። ቀጥሎ ቅጠል ማውጣቱን ያቆምና ያጠራቀመውን ምግብ ከታች ወደተደበቁት እንቡጦች ይልካል። እያንዳንዱ እንቡጥ ይወፍርና ፍሬ ይሆናል። ፍሬዎቹ አንድ ላይ ሲታቀፉ ራስ እንላቸዋለን። ከመጀመሪያው ዕድሜ ወደ ሁለተኛው የሚያሻግሩት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ብርድና የቀን ብርሃን ርዝመት።

መጀመሪያ ብርዱን እንይ። ተክሉ ለሳምንታት ቅዝቃዜ ካገኘ በውስጡ ብዙ እንቡጥ ያበጃል። በቂ ብርድ ካላገኘ አይከፋፈልም፤ ያ ድቡልቡል፣ ባለ አንድ ፍሬ ራስ የሚመጣው ከዚህ ነው። (እሱም ቢሆን አይጣልም። ወጥ ውስጥ እንደ ማንኛውም ነጭ ሽንኩርት ይገባል፤ በሚቀጥለው ዓመት በጊዜው ከተተከለ ደግሞ ደህና የተከፋፈለ ራስ ሊሰጥ ይችላል።) ብርዱ ካለፈ በኋላ ቀኑ ሲረዝም፣ አየሩም ሞቅ ሲል፣ እንቡጦቹ መወፈር ይጀምራሉ።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ከምድር ወገብ ርቀው ባሉ አገሮች የለመዱ ብዙ ዝርያዎች ራስ የሚያበጁት ቀኑ 13 እና 14 ሰዓት ሲረዝም ነው። ባሕር ዳር ላይ ግን ረጅሙ ቀን፣ እሱም ሰኔ ውስጥ ያለው፣ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አካባቢ ነው። አጭሩ የታኅሣሥ ቀን ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ። ስለዚህ የሩቅ አገር ዘር እዚህ ሲተከል የሚጠብቀው ምልክት በጭራሽ አይመጣለትም። ቅጠል እያወጣ ይቆያል፣ በመጨረሻም ሙቀቱ ያደርቀዋል። የእኛው የሐበሻ ነጭ ሽንኩርት ግን ከትውልድ ትውልድ እዚሁ አገር ሲተከል የኖረ ነው። በአጭር ቀንም ራስ ያበጃል። ከእኛ የሚፈልገው ብርዱን እንዳያመልጠው አድርገን እንድንተክለው ነው።

ይሄ ብርድ ባሕር ዳር ላይ ብዙ አይደለም። ከተማው ያለበት ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ሞቃት ወይና ደጋ። እንደ ደብረ ታቦር ያለ 2,700 ሜትር ላይ ያለ ከተማ ዓመቱን ሙሉ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ የመትከያ ወሩ ትንሽ ቢዛነፍም ሽንኩርቱ ይቅር ይላል። እኛ ዘንድ ግን ሁነኛ ብርድ የሚገኘው በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶች ነው። ያኔ የሌሊቱ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ እና ከዚያም በታች ይወርዳል። ጣናም የራሱ ተፅዕኖ አለው። ትልቅ ውሃ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ስለሚለቅ፣ ሐይቁ ዳር ያለ ጓሮ ከሐይቁ ራቅ ካለው ያነሰ ይበርደዋል። ዳርቻው ላይ የምትኖሩ ሰዎች የመትከያውን ጊዜ ባታሳልፉ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከብርዱ ወደ ኋላ እንቁጠረው። ታኅሣሥና ጥር ሲመጡ ተክሉ ቢያንስ አምስት ስድስት ቅጠል አውጥቶ መጠበቅ አለበት። ምክንያቱም ራሱን የሚያወፍረው ምግብ የሚመጣው ከቅጠሉ ነው። ብርዱ ሲደርስ ሁለት ቅጠል ብቻ ያለው ተክል ራስ ቢያበጅም የጥፍር ያህል ነው። ስለዚህ መትከያው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ዝናቡ እየቀነሰ፣ አፈሩ ግን ገና ርጥበት ይዞ እያለ። ጥቅምትና ኅዳር የቅጠል ጊዜ ነው። ታኅሣሥና ጥር ብርዱ ይሠራል። ከጥር አጋማሽ በኋላ ራሱ ይወፍራል። ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት ይነቀላል። ባጠቃላይ አራት ወር ተኩል፣ ቢበዛ አምስት ወር።

ጥር ላይ የሚተክል ሰው ተክሉ ትንሽ እያለ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ይደርስበታል። ሰኔ ላይ የሚተክል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከግማሽ በላዩ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። በዚያ ጭቃ ውስጥ ፍሬው ይበሰብሳል፤ የተረፈውንም ዋግ ይመታዋል። ደጋው ላይ በክረምት የሚተክሉ ገበሬዎች አሉ፤ እነሱን አይተን እኛም በክረምት እንትከል ማለት ግን አያዋጣም።

ዘሩን ከየት?

ነጭ ሽንኩርት እንደ ቲማቲም የሚዘራ ዘር የለውም። ዘሩ ራሱ ፍሬው ነው። ይህም ማለት የምትተክሉት የእናቱ ቁርጥ ቅጂ ነው፤ ጥሩ ጠባዩም በሽታውም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ዘር መምረጥ ላይ የምታጠፉት ግማሽ ሰዓት ከሁሉም በላይ ያዋጣል።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ታያላችሁ። አንዱ ትልልቅ፣ ነጭ፣ ሥሩ ተላጭቶ የጸዳ፣ ፍሬው ጥቂትና ወፍራም የሆነው የፈረንጅ ወይም የቻይና የሚባለው ነው። ለመላጥ ይመቻል፤ ለዘር ግን አትውሰዱት። ሌላው አነስ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ልጣጩ ሐምራዊ ጣል ያለበት፣ ፍሬው በዛ ያለ፣ የደረቀ ሥሩ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ ያለው የሐበሻው ነው። ሻጯን «ከየት የመጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከአካባቢው ወይም ከቅርብ ደጋ የመጣ ከሆነ ጥሩ ነው። የተሻሻለ ዝርያ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን ቢሾፍቱ ነጭ፣ ፀደይ እና ኩሪፍቱ የሚባሉትን በስም ያፈላልግ። ለባሕር ዳር ሰው አዴት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ሩቅ አይደለም፤ ምን ዘር እንዳለ ጠይቆ መምጣት ይቻላል።

ትልቁን ራስ ምረጡ። ከራሱ ደግሞ የውጪዎቹን ወፍራም ፍሬዎች። መሐል ያሉት ቀጫጭኖቹ ለወጥ ይሁኑ። ትልቅ ፍሬ ተክሉን የሚያስጀምርበት ብዙ ስንቅ ስላለው ትልቅ ራስ ይሰጣል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ትልልቁን በልቶ ለመላጥ ያስቸገረውን ይተክላል። ከዚያ ዓመት ከዓመት እያነሰ ይሄዳል።

አሁን አንዷን ፍሬ ውሰዱና ከጫፍ እስከ ሥር ለሁለት ሰንጥቋት። መሐሏ ላይ ቡቃያ ታያላችሁ። አጭርና ነጣ ያለ ከሆነ ሽንኩርቱ ገና እንቅልፍ ላይ ነው፤ ብትተክሉትም አፈር ውስጥ ለሳምንታት ዝም ብሎ ይቀመጣል። አረንጓዴ ሆኖ የፍሬዋን ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ርዝመት ከያዘ ነቅቷል፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። በቅርቡ የተነቀለ ሽንኩርት ለምን እንደማይበቅል የሚገርመው ሰው መልሱን እዚህ ያገኘዋል።

ፍሪጅ ያለው ሰው ብርዱን ራሱ ሊጨምርለት ይችላል። ራሱን ሳትፈለፍሉ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ከመትከል በፊት ሦስት አራት ሳምንት ከፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ፍሪዘር ውስጥ አይደለም። ይህ ሁለት ነገር ይሠራል። እንቅልፉን ያስጨርሰዋል፣ ጓሯችን የማይሰጠውን ብርድም በከፊል ይሞላለታል። ካወጣችሁት በኋላ ግን ወዲያው ትከሉት። ሞቃት ቦታ ከሰነበተ ያገኘው የብርድ ጥቅም ይቀንሳል። የግድ አይደለም፤ በተለይ ዳርቻው ላይ ላሉት ግን በጣም ይረዳል።

ስንት ይበቃል? በረድፍ መሐል 20 ሳንቲ ሜትር፣ በተክል መሐል 10 ሳንቲ ሜትር ከተተወ በአንድ ካሬ ሜትር 50 ተክል ይገባል። በሳምንት ሁለት ራስ የሚጨርስ ቤት በዓመት መቶ ገደማ ያስፈልገዋል፤ ሁለት ካሬ ሜትር መደብ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን በአንድ ካሬ ሜትር ጀምሩ።

አፈሩና መደቡ

ጣና ዙሪያ ሁለት ዓይነት አፈር ይበዛል። አንዱ ቀይ አፈር ነው። ውሃ ያሳልፋል፣ ለነጭ ሽንኩርት ይስማማል፤ ግን አንዳንድ ቦታ ኮምጣጣነት አለው። ኮምፖስት በደንብ ከገባለትና ከማገዶ የወጣ ጥቂት አመድ ከተነሰነሰበት ይስተካከላል። ሁለተኛው ጥቁሩ ዋልካ ነው። ፎገራን ለሩዝ የተመቸ ያደረገው ይህ ውሃ የሚይዝ አፈር ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ግን እግሩ ውሃ ውስጥ መቆም አይወድም። ዋልካ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፣ ራሱንም አጥብቆ ስለሚይዘው ቅርፁ ይበላሻል።

ጓሯችሁ ዋልካ ከሆነ መደቡን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፤ አሸዋና ኮምፖስት ቀላቅሉበት። ሐይቁ አጠገብ ያሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ከክረምት በኋላ ለረጅም ጊዜ ርጥብ ስለሚቆዩ እዚያም ከፍ ያለ መደብ ነው የሚያዋጣው። ቀላል መፈተኛ አለ። አንድ ክንድ ጥልቀት ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት። በማግስቱ ውሃው እዚያው ካለ፣ መደቡን ከፍ ሳታደርጉ አትትከሉ።

ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የከረመ ፍግ ይበቃል። «የከረመ» የምለው ሆን ብዬ ነው። ትኩስ ፍግ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል፤ ሥሩንም ያቃጥላል። እጃችሁ ላይ ስትጨብጡት የእበት ሽታ ካለው ገና ነው። የአፈር ሽታ ካለው ደርሷል።

ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፤ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት። ከማንጎና ከአቮካዶ ዛፍ ሥር አይሆንም። ባሕር ዳር ጓሮ ሁሉ ማንጎ ስላለው ይህን ማንሳት ግድ ነው።

በረንዳ ላይ ከሆነ 20 ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ ወይም ከአፉ የተቆረጠ ጄሪካን ይሆናል። ታቹን በአምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ከአፈር ሁለት እጅ፣ ከኮምፖስት አንድ እጅ፣ ከአሸዋ አንድ እጅ አድርጋችሁ ሙሉት። አንድ ባልዲ ከአምስት እስከ ሰባት ፍሬ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ስትጨምሩ ሁሉም ያንሳሉ። ባልዲውን ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ ከሥሩ ሁለት ጡብ ወይም እንጨት አድርጉ። ሲሚንቶው ከሰዓት በኋላ ይግልና ሥሩን ያሞቀዋል፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው እንዲቀዘቅዝ ነው።

አተካከሉ

ራሱን የምትፈለፍሉት በምትተክሉበት ቀን ወይም በዋዜማው ነው። ቀድሞ የተፈለፈለ ፍሬ ይደርቃል። ልጣጩን አታንሱ፤ ልብሱ ነው፣ ከብስባሽ ይጠብቀዋል። የተጨፈለቀ፣ የለሰለሰ፣ ነጠብጣብ ያለበት ካገኛችሁ ለብቻው አውጡ።

ፍሬዋን ስታዩዋት አንዱ ጎኗ ሾጣጣ ነው፣ ሌላው ጠፍጣፋ፣ ደረቅ ጠባሳ የመሰለ ነገር ያለበት። ሥር የሚወጣው ከጠባሳው ነው። ስለዚህ ሾጣጣው ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው ወደ ታች። ተገልብጣ ብትተከልም ትበቅላለች፤ ግን ቡቃያዋ ዞሮ መውጣት ስላለበት ጉልበት ታባክናለች፣ ራሷም ጠማማ ይሆናል። በጣታችሁ ወይም በእንጨት ቀዳዳ አብጁና ጫፏ ከአፈሩ ወለል 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል አድርጋችሁ አስቀምጧት። ቀለል ባለ አፈር 4 ወይም 5 ሊሆን ይችላል። እየተጫናችሁ አትሰኳት። ጠንካራ አፈር ላይ የተሰካች ፍሬ ሥሯ ወደ ታች መግባት ሲያቅተው ራሷን ወደ ላይ ገፍታ ትወጣለች። በሳምንቱ እንዲህ ብቅ ያለች ካያችሁ መልሳችሁ አትጫኗት፤ ከላይ አፈር ጨምሩባት።

ከተከላችሁ በኋላ አንድ ጊዜ በደንብ አጠጡና ጉዝጓዝ አድርጉ። የጤፍ ጭድ ይሆናል። ወረታ አካባቢ ዘመድ ያለው ደግሞ የሩዝ ገለባ በቀላሉ ያገኛል። አራት ጣት ያህል ውፍረት ይበቃል። ጉዝጓዙ አፈሩን ያቀዘቅዛል፣ ውሃውን ይቆጥባል፣ አረሙን ያፍናል። ዶሮ የሚለቅ ቤት ከሆነ ግን መጀመሪያ አጥር። ዶሮ ጭድ ካየ ሳይጭር አያልፍም፤ ፍሬውን ሁሉ አውጥቶ ይበትነዋል።

እምቦጭን ለጉዝጓዝ ወይም ለኮምፖስት ማድረግ ይቻላል ወይ የሚሉ አሉ። ከጣና ላይ የተለቀመውን ወደ ኮምፖስት የመቀየር ሙከራ መደረጉ እውነት ነው። እኔ ግን ለቤት ጓሮ አልመክርም። የእምቦጭ ዘር ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ክረምት ላይ ጎርፉ ከጓሯችሁ አጥቦ ወደ ሐይቁ የሚወስድበት ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ጠላትን መልሶ ቤቱ ማስገባት ነው። ጭድ ሞልቶ ለምን?

ውሃ፦ ማጠጣትም መተውም

ባሕር ዳር ላይ ከኅዳር እስከ የካቲት ዝናብ አይጠበቅም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የምትተማመኑት በእጃችሁ ነው። የነጭ ሽንኩርት ሥር አጭር ነው፤ አብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አይዘልቅም። ከሥር ያለ ርጥበት አይጠቅመውም። መሬት ላይ ለተተከለ በየአራት አምስት ቀኑ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ጄሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር፣ በቂ ነው። መጀመሪያ ተክሉ ትንሽ እያለ ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። ባልዲ ውስጥ ያለው በየሁለት ቀኑ ይፈልጋል።

ቁጥሩ መነሻ ነው፤ ወሳኙ ጣታችሁ ነው። ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጉና ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡት። ርጥበት ከተሰማችሁ ነገ ተመለሱ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ሲያጠጡ ከሥሩ፣ ጠዋት። ማታ ቅጠሉ ላይ የፈሰሰ ውሃ ሌሊቱን እዚያው ያድርና ለዋግ መንገድ ይከፍታል።

ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ራሱ የሚወፍርበት ነው። በዚህ ጊዜ ውሃ ካጠረው የሚቀንሰው በቀጥታ የራሱ መጠን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ለጀማሪ የሚከብደው ነገር ነው፤ መተው። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆን ሲጀምሩ የሚያዝን ልብ ያለው ሰው ሁሉ ጄሪካን ያነሳል። አታንሱ። ቢጫ የሆነው ስለጠማው አይደለም፤ ምግቡን ወደ ራሱ እያወረደ ስለሆነ ነው። ከመነቀሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በፊት ውሃው ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት። እስከ መጨረሻው ውሃ የጠጣ ሽንኩርት ሽፋኑ ይበሰብሳል፣ ፍሬዎቹ ይፈለቀቃሉ፣ ቤት ገብቶም ወር ሳይሞላው ይሻግታል።

ማዳበሪያውም እንደዚሁ ነው። በኮምፖስት የተዘጋጀ መደብ ለቤት ፍጆታ ራሱን ይችላል። ዩሪያ ልጨምር የሚል ከተተከለ ከአንድ ወር በኋላ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ከተክሉ ራቅ አድርጎ በረድፉ መሐል በትኖ ውሃ ያጠጣው። ከታኅሣሥ በኋላ ግን ምንም። ዘግይቶ የገባ ዩሪያ ተክሉን ወደ ቅጠል ይመልሰዋል። ጎረቤት አይቶ «እንዴት አምሮበታል!» ይላል፤ ከሥሩ ግን ባዶ ነው።

አረም ነጭ ሽንኩርትን በቀላሉ ያሸንፈዋል፤ ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ ጥላ አይሠራም። በእጅ ንቀሉት። መኮትኮቻ ከተጠቀማችሁ ከላይ ከላዩ ብቻ።

የሚያጠቁት

ትሪፕስ የሚባለው በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ትንሽ ነፍሳት በደረቁ ወራት ይመጣል። ቅጠሉ ላይ ብር የመሰለ ጭረት ስታዩ የመሐሉን ቅጠሎች ገለጥ አድርጉ፤ ቢጫ ጥቃቅን ነገሮች ሲሯሯጡ ታገኛላችሁ። በውሃ ግፊት እጠቧቸው። ካልበቃ ለስላሳ የሳሙና ውሃ ማታ ማታ እርጩ፤ ውሃው ብዙ ሳይሆን ቅጠሉ መሐል ይግባ።

ዋግ ብርቱካናማ ዱቄት የያዙ ነጠብጣቦች ሆኖ ቅጠሉ ላይ ይታያል። በበጋ ተክል ላይ ብዙም አይበረታም። የተመታውን ቅጠል ቆርጣችሁ አርቁ፣ ቅጠሉን ከማርጠብ ተቆጠቡ።

በጣም ልትጠነቀቁት የሚገባው ነጭ ብስባሽ ነው። ተክሉ ያለ ምክንያት ከጫፉ ይደርቃል፤ ሳብ ስታደርጉት ሥር የሌለው ያህል ይወጣል። ከሥሩ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ፣ በሻጋታው ላይ ደግሞ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ታያላችሁ። እነዚያ ጥቁሮቹ የበሽታው ዘር ናቸው። አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይሞቱ የነጭ ሽንኩርት ወይም የቀይ ሽንኩርት ሥር እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ጓሮ ከገባ የሚያወጣው መድኃኒት የለም። የሚገባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዘር፣ በእግር ጭቃና በመኮትኮቻ ነው። ለዚህ ነው ዘር ስትገዙ የራሱን ሥር እየገለበጣችሁ እዩ የምለው። አንድ እንኳ ሻጋታ ያለበት ካያችሁ ከዚያ ክምር ምንም አትውሰዱ። ጓሯችሁ ላይ ካገኛችሁት ተክሉን ከዙሪያው አፈር ጋር አውጥታችሁ አቃጥሉት፤ ኮምፖስት ውስጥ እንዳይገባ። እዚያ ቦታ ላይ ነጭም ቀይም ባሮም ሽንኩርት አትትከሉ።

በሽታ ባይኖርም እንኳ በአንድ መደብ ላይ ሽንኩርት ዘር በተከታታይ አይተከልም። ሦስት ዓመት ቦሎቄ፣ ጎመን፣ ድንች እያፈራረቃችሁ ቆዩ። ባልዲ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ አፈሩን ይቀይራል።

መንቀልና ማቆየት

መቼ ይነቀላል? ቅጠሎቹን ቁጠሩ። እያንዳንዱ ቅጠል ወደ ታች ሲወርድ ራሱን የሚሸፍን አንድ ልጣጭ ይሆናል። ቅጠሉ ሲደርቅ ልጣጩም ይደርቃል፣ ከቆየ ይበሰብሳል። ስለዚህ የታችኞቹ ሲደርቁና ከላይ አራት ወይም አምስት አረንጓዴ ቅጠል ሲቀር ጊዜው ነው። ሁሉም እስኪደርቅ የጠበቀ ሰው ሽፋን የሌለው፣ ፍሬው የተበተነ ሽንኩርት ያወጣል። ከተጠራጠራችሁ ከአንዱ ጎን አፈሩን በጣታችሁ ጫር አድርጋችሁ እዩ። የፍሬዎቹ ጎድጎድ በሽፋኑ ላይ ከታየ ደርሷል፤ ክብ ብቻ ከሆነ ሌላ ሳምንት ይቆይ።

በቅጠሉ ይዛችሁ አትጎትቱ። ከጎኑ አፈሩን አላልታችሁ አንሱት። አትጠቡት። አፈሩን ለማራገፍ አንዱን ከአንዱ አታጋጩ፤ የተቀጠቀጠ ፍሬ በመጀመሪያ የሚበላሸው ነው። ከነቅጠሉ አየር በሚያገኝ ጥላ ላይ፣ በረንዳ ወይም ቆርቆሮ ሥር፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ዘርጉት ወይም ጎንጉናችሁ ስቀሉት። የመጋቢት ፀሐይ ላይ በቀጥታ ከተተወ ይቀቀላል። አንገቱ ጭብጥ ሲደረግ ርጥበት ሲያጣና ልጣጩ ሲንኮሻኮሽ ደርቋል።

በደንብ የደረቀ የሐበሻ ነጭ ሽንኩርት አምስት ስድስት ወር ይቆያል። ፈተናው ክረምቱ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ርጥበት በፌስታል ውስጥ ያለ ሽንኩርት ይሻግታል። በመረብ ከረጢት፣ በቅርጫት ወይም ተጎንጉኖ አየር ባለበት ማድቤት ይሰቀል። በየሳምንቱ እየዳበሳችሁ የለሰለሰውን አውጡ። ያልተላጠውን ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ቅድም ለዘር የጠቀመን ቅዝቃዜ ለምግብ የተቀመጠውን ያበቅልባችኋል። ለዘር ደግሞ ገና ሲነቀል ትልልቆቹን፣ ጤነኞቹን ለይታችሁ በተለየ ጉንጉን ስቀሉ፤ ቤተሰቡም እንዳይነካቸው ንገሩ። ለአንድ ካሬ ሜትር ስድስት ሰባት ራስ ይበቃል።

ፈጭቶ ማስቀመጥ ለሚወድ ቤት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በዘይት የተለወሰ ነጭ ሽንኩርት ከፍሪጅ ውጭ ፈጽሞ አይቀመጥም። ዘይቱ አየር ስለሚከለክል ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ለሦስት አራት ቀን የሚበቃውን ብቻ ፈጭታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አድርጉ፣ ከዚያ ለሚበልጠው ግን በትንንሽ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር።